በዳካታ ቋጥኞች መካከል

ሁለተኛው ልጃችን በጂኦግራፊ መጽሐፉ ስለ በረዶ ግግር ካነበበ ወዲህ ቤታችን ዕረፍት አላገኘም። ኰረብታ የሚያህል በረዶ ዳገቱን ቀስ ብሎ እየወረደ ታላላቅ ቋጥኞችን ተሸክሞ እንደሚሄድ፣ ሲቀልጥም በሩቅ ስፍራ ጥሏቸው እንደሚቀር ተምሮ፣ «በዚያ በረዶ ላይ በእግራችን እንሂድ» እያለ ይወተውተን ጀመር። በአገራችን እንዲህ ያለው በረዶ በጥንት ዘመን በባሌና በስሜን ተራሮች ላይ ነበረ፤ ዛሬ ግን የለም። በአፍሪካ የሚገኘው በኪሊማንጃሮ፣ በኬንያ ተራራና በሩዌንዞሪ ሲሆን፣ እርሱም ከዓመት ወደ ዓመት እየተመናመነ ነው። እኛም በረዶው ቢቀር ቋጥኙን እናሳየው ብለን፣ በጥር ወር በአንድ ቅዳሜ ማለዳ ስንቃችንን ይዘን ከጅጅጋ ተነሣን።

ሜዳው አልቆ መንገዱ ሽቅብ ሲል የካራማራ ተራራ ይገኛል። በየካቲት 1970 ዓ.ም. ብርቱ ውጊያ የተደረገበት ስፍራ ነውና ባለቤቴ እዚያ ስትደርስ ጨዋታዋን ታቋርጣለች። ከዚያ ወደ ፋፈን ተወርዶ፣ ባቢሌ ከመደረሱ በፊት የዳካታ ሸለቆ ይከፈታል።

መኪናውን ከመንገድ ዳር አቁመን በግራርና በቁልቋል መካከል በእግር ገባን። ቋጥኝ በቋጥኝ ላይ ተደርቦ ቆሟል፤ አንዳንዱ በጠባብ አንገት ላይ የተቀመጠ ራስ ይመስላል፤ ነፋስ ቢነካው የሚወድቅ ነው የሚያሰኘው። ልጁ «ይህንንስ በረዶ ነው ያመጣው» ብሎ ፈረደ። አይደለም። ይህ ግራናይት ከምድር በታች በዝግታ ቀዝቅዞ የጠነከረ ነው። በስንጥቁ የገባው ውኃ ጠርዝ ጠርዙን አበስብሶ ኮረት አደረገው፤ ዝናብ ደግሞ ኮረቱንና አፈሩን ጠርጎ ሲወስደው ጽኑው ልብ በነበረበት ቀረ። ድንጋዩ ከየትም አልመጣም፤ የሄደው አፈሩ ነው።

ይህን ለባለቤቴ በማብራራት ላይ ሳለሁ (ማብራራት እወዳለሁ) ልጁ ከቤት ጣራ የሚበልጥ ቋጥኝ ላይ ወጥቶ ኖሮ «መውረድ አልቻልሁም» ሲል ሰማን። ጀርባውን ለድንጋዩ፣ ፊቱን ለገደሉ ሰጥቶ ይንቀጠቀጣል። እኔ ልወጣ ብሞክር ጫማዬ አንሸራተተኝ። እናቱ ድምፅዋ ጠፋ።

በዚያን ጊዜ ግመል የሚጠብቁ አንድ ሽማግሌ በትራቸውን በትከሻቸው አጋድመው መጡና በሶማልኛ ተናገሩ። እኔና ባለቤቴ ይህን ያህል ዓመት በጅጅጋ ኖረን ከሰላምታ በቀር ቋንቋውን አላወቅንም፤ ለዚህም የምናቀርበው ሰበብ የለንም። ከጎረቤት ልጆች ጋር ያደገችው ታላቂቱ ልጃችን ግን «አዴር» ብላ በአክብሮት ጠራቻቸውና የሚሉትን ሁሉ ለወንድሟ ታደርስለት ጀመር፦ ፊትህን ወደ ድንጋዩ አዙር፤ ወደ ታች አትመልከት፤ በግራ እግርህ ስንጥቁን ፈልግ። ሽማግሌው በበትራቸው የእግሩን መርገጫ እያመለከቱ «ታርቲብ፣ ታርቲብ» ይሉ ነበር፤ ቀስ በል ማለት ነው። ያን ማስተርጐም አላስፈለገም። ልጁ በመጨረሻ በእጃቸው ላይ ወረደ።

አመስግነን ውኃ ስንሰጣቸው ልጁ እንባውን ሳይጠርግ እኅቱን «በረዶ ነው ወይ ያመጣቸው ብለሽ ጠይቂልኝ» አላት። ጠየቀች። ሽማግሌው ሳቁ። የሚያውቁት በረዶ በጅጅጋ ሱቅ የሚሸጠውን እንደ ሆነና እርሱ ጠጠር እንኳ እንደማይሸከም፣ ቋጥኞቹም አባታቸው ግመል ሲጠብቁ እዚሁ እንደ ነበሩ ነገሯት። ከዚያም ግመሎቻቸው ርቀው ነበርና በትራቸውን አንሥተው ተከተሏቸው።