ምርጊትና አክሪሊክ

ጤፍ ተወቅቶ ጭድ እንደ ልብ ሲገኝ፣ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ገጠር የቤት ምርጊት ይጀመራል። አፈሩ በውኃ ርሶ፣ ከጭድ ጋር በእግር ተረግጦ ለቀናት ይብላላል። ሽታው አላፊ አግዳሚውን አፍንጫ ያስይዛል፤ ደህና ምልክት ነው። የመጀመሪያው ምርጊት ሻካራ ነው፤ ሲደርቅ ይሰነጣጠቃል፤ ማንም አይደነግጥም። ስንጥቁ በደቀቀ ጭድ ለተቦካው ልስን መያዣ ይሆነዋል። የምትለስነው ሴት መዳፏን ውኃ ውስጥ እየነከረች ታሻሸዋለች፤ እብጠት ስታገኝ በአውራ ጣቷ ጫን ትላለች። ወሬዋን አታቋርጥም፤ ግድግዳውን የሚያየው እጇ ነው።

በአክሪሊክ ቀለም የሚሥለው ልጅ ይህን እያየ ያድግና፣ ቀለም የገዛ ዕለት ባዶ ኮምፔንሳቶ ላይ ይቸኩላል። እንጨቱ የቀለሙን ውኃ ይመጥበታል፣ ብሩሹ ይጎተትበታል፣ የሣለው ጉንጭ ላይ የእንጨቱ መስመር ይወጣል። ከዚያ ቀለሙን ይረግማል።

የድሮዎቹ ሠዓሊዎች አይቸኩሉም ነበር። በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን (1434–1468 እ.ኤ.አ.) ሥዕለ አድኅኖ ይሣል የነበረው እንጨቱ ነጭ የጀሶ መደብ ከተቀባ በኋላ ነው፤ የዚያ ዘመኑ ሠዓሊ ፍሬ ጽዮን ስሙን ያኖረበት ሥዕል በጣና ሐይቅ ዳጋ እስጢፋኖስ ይገኛል። በሐይቁ ዙሪያ ባሉ አብያተ ክርስቲያናት ደግሞ የመቅደሱ ግድግዳ ላይ የጥጥ ጨርቅ ተለጥፎ በዚያ ላይ ይሣላል። ጭቃው ስለማይታመን ይመስለኛል።

ለአክሪሊክም ሥራው ያው ነው። ሳንቃው በብርጭቆ ወረቀት ይታሻል፤ አቧራው ይጠረጋል፤ ነጩ የአክሪሊክ መደብ ቀጠን ተደርጎ ይቀባል። ሲደርቅ ታሽቶ ሁለተኛው በአግድም፣ ሦስተኛው በቁም ይደረባል። ጀርባውም ይቀባ፤ አለዚያ ሳንቃው ይጎብጣል። አንዴ ወፍራም ከመለጠፍ ደጋግሞ ስስ መቀባት ይሻላል። ግን እንደ መስታወት እስኪያብለጨልጭ የሚያሹ አሉ፤ እዚህ ላይ አልስማማም። ምጣድ በጎመን ዘር የሚታሰሰው እንጀራው እንዲለቅ ነው፤ ሠዓሊው ግን ቀለሙ እንዲለቅ አይፈልግም። መዳፍ ሲያልፍበት ለስላሳ፣ ጥፍር ሲነካው ትንሽ የሚሻክር ከሆነ ይበቃል።

ሐምሌ ላይ ቡሬ ውስጥ የሚሠራ ሰው ግን ሰዓት አይመን። ዝናቡ ያጠገበው አየር መደቡን ቶሎ አያደርቅም። የእጁን ጀርባ ያስነካው፤ ከቀዘቀዘው ገና እርጥብ ነው፣ ብርጭቆ ወረቀቱን ያስቀምጥ።