ሮምን በአዲስ ጫማ

ምክር አልሰማ ብዬ ሮም የገባሁት በአዲስ ጫማ ነው። የድሮው ከተማ መንገድ ሳምፒየትሪኒ በሚሉት ጥቁር ድንጋይ የተነጠፈ ነው፤ ተረከዜ ገና ከቴርሚኒ ባቡር ጣቢያ ሳልርቅ ማጉረምረም ጀመረ።

ቆም ብዬ የአደባባዩን ስም አነበብኩ። «የአምስት መቶዎቹ አደባባይ» ይላል። የነማን አምስት መቶ? ለካስ በ1879 ዓ.ም. ዶጋሊ ላይ በራስ አሉላ ጦር ያለቁት የጣሊያን ወታደሮች ናቸው! የሰው አገር ብዬ መጥቼ አሉላን በር ላይ አገኘኋቸው። መታሰቢያው ጥቂት ራመድ ብሎ ቆሟል፤ እሱም ከግብፅ የመጣ ሐውልት ነው። ለገዛ ሙታን እንኳ የሰው ድንጋይ!

ኮሎሲየምን አየሁት፤ ትልቅ ነው፣ ፎቶው አይዋሽም። ይልቅ የወደድኩት በየመንገዱ ዳር ያለ ክፍያ የሚፈሰውን ቧንቧ ነው። አፉን በጣት ሲደፍኑት ውኃው ከላይ ባለች ቀዳዳ ሽቅብ ይፈናጠራል። አንዲት አሮጊት አሳዩኝ፤ እኔም በመጀመሪያው ሙከራ ሸሚዜን አጠብኩ።

ማምሻውን እያነከስኩ ፖርታ ካፔና ደረስኩ። በ1929 ዓ.ም. ከአክሱም የተወሰደው ሐውልት ከስድሳ ዓመት በላይ የቆመበት ቦታ ነው። አጠገቡ ያለው ግዙፍ ሕንፃ፣ የዛሬው የተመድ የምግብና የእርሻ ድርጅት (ፋኦ) ዋና መሥሪያ ቤት፣ መጀመሪያ የታሰበው ለቅኝ ግዛት ሚኒስቴር ነበር። ሐውልቱ በ1997 ዓ.ም. አገሩ ገብቷል። ጫማዬን አውልቄ፣ የሌለውን ሐውልት ሽቅብ እያየሁ ትንሽ ተቀመጥኩ። ሮም ውስጥ እንደዚያ ቦታ ደስ ያለኝ የለም።