ያለ ትኬት የተሳፈሩ

በረሮ ቤት ውስጥ ሲታይ ሰው ወደ ሌላ ክፍል ይሸሻል። ምግብ ቤት ውስጥ ሲታይ ሒሳብ ሳይከፍል ይወጣል (አድርጌዋለሁ፤ አትፍረዱብኝ)። ሐይቅ መሀል፣ ጀልባ ላይ ሲታይስ? ወዴት ይሸሻል? መልሱን በ2015 ዓ.ም. የፋሲካ ማግስት ሐዋሳ ላይ በዓይኔ አይቻለሁ። ሁሉም ወደ አንድ ጎን ነው የሚሸሸው።

አጎቴ ሐዋሳ ሐይቅ ላይ የመዝናኛ ጀልባ አላቸው። አሥራ ሁለት ሰው የምትይዝ፣ የሸራ ጣሪያ ያላት፣ በፕላስቲክ ቆዳ የተለበጡ የስፖንጅ ወንበሮች የተደረደሩባት፣ ከሞተሯ ይልቅ ስፒከሯ የሚጮህ ጀልባ ናት። እኔ ኑሮዬ አዲስ አበባ ቢሆንም በዓል ሲመጣ ወርጄ አግዛቸዋለሁ። ሥራዬ ገንዘብ መቀበል፣ ላይፍ ጃኬት ማልበስና «ጉማሬው ሰው ይበላል እንዴ?» ለሚል ጥያቄ በቀን አርባ ጊዜ መልስ መስጠት ነው። (አይበላም፤ ይገድላል እንጂ። ይህን ግን ለተሳፋሪ አንነግርም።)

የዚያን ቀን ከአዲስ አበባ የመጡ አሥራ አንድ ዘመዳሞች ጫንን። ጉማሬዎቹ ከሚታዩበት ስንደርስ ሞተሩን ቀነስን፤ ስልኮች ወጡ፤ አንዲት ነጭ የአገር ልብስ የለበሰች ልጅ ፎቶ ልትነሣ ፈገግ አለች። ይኼኔ ከላይፍ ጃኬቷ አንገትጌ ሥር አንድ ቡናማ በረሮ ብቅ አለና ሁለት አንቴናዎቹን እያወዛወዘ አካባቢውን ቃኘ። ፎቶው ላይ ምን እንደወጣ አላውቅም፤ ከልጅቷ አፍ የወጣው ጩኸት ግን ታቦር ተራራ ድረስ ሳይሰማ አልቀረም።

አሥራ አንዱም ተነሥተው ወደ ግራ ሸሹ። ጀልባዋ አብራቸው ወደ ግራ አዘነበለች፤ ውኃ በጠርዟ ገባ። አጎቴ ሰምቼው በማላውቀው ድምፅ «ተቀመጡ!» ብለው ጮኹ። ተቀመጡ፤ ገሚሱ ወንበር ላይ፣ ገሚሱ ሰው ላይ። ጉማሬዋ ትንሽ ራቅ ብላ ጆሮዋን እያርገበገበች ታየናለች። እግዜር ይመስገን ማንም አልወደቀም። ዳር ስንደርስ የቤተሰቡ አባት ሙሉ ሒሳቡን ከፍለው፣ አንድ ቃል ሳይናገሩ ወረዱ። ቢሳደቡ ይሻል ነበር።

ማታ ከአጎቴ ጋር ብቻችንን ስንሆን «ጋሼ፣ ጀልባዋ እኮ በረሮ…» ብዬ ጀመርኩ።

«ዝም በል! ሰው ይሰማል።»

ሰው የሚሉት አጠገባችን የታሰሩትን ጀልባዎች ባለቤቶች ነው። ያን ጊዜ ነው ነገሩን ለወራት ሲያውቁት እንደቆዩ የገባኝ። ቃሉን እንኳ አይጠሩትም፤ «እንግዶቹ» ነው የሚሏቸው። ሌሊት ሌሊት ብቻቸውን ወርደው በጫማ ሲያሳድዱ ከርመዋል። «ጀልባው በረሮ አለው ከተባለ ሠላሳ ዓመት የሠራሁት ስም አበቃ» አሉኝ። ትኋን የገባበት ቤት በራፉን ዘግቶ እንደሚያክመው ማለት ነው።

ከየት መጡ? እንግዲህ ስንበረብር ነገሩ ግልጽ ሆነ። የለስላሳና የውኃ ካርቶን ከመጋዘን ሲመጣ በዚያ በተቆለመመው የካርቶን ሆድ ውስጥ ይሳፈራሉ። ከዚያ በኋላ ቆሎው አለ፣ ፈንዲሻው አለ፣ ሕፃናት ወንበር መሀል የሚያሾልኩት ብስኩት አለ። ስፒከሩ ሞቃት ነው፤ የባትሪው ሳጥን ሞቃት ነው፤ ላይፍ ጃኬቶቹ ተደራርበው የሚቀመጡበት ሣጥን ጨለማና ጠባብ ነው። በረሮ ጀርባውም ሆዱም ግድግዳ ሲነካለት ነው ደስ የሚለው፤ ጠባብ ነገር ይወዳል። በዚህ ላይ ከወለሉ እንጨት ሥር፣ የጀልባዋ ሆድ ውስጥ፣ ሁልጊዜ የሚጠራቀም ትንሽ ውኃ አለ። ምግብ ባይኖር ለሳምንታት ይቆያል፤ ውኃ ካጣ ግን ብዙም አይከርምም። እኛ ደግሞ መጠጡንም ምግቡንም፣ ሙዚቃውንም ጭምር አቅርበንለታል።

እኔ የአዲስ አበባ ልጅ አይደለሁ? መፍትሔዬ በኪሴ ነው። ሁለት ጣሳ ፍሊት ገዛሁ። ሸራውን ዙሪያውን አወረድኩ፣ አፍንጫዬን በነጠላ አሠርኩ፣ ሁለቱንም ጣሳ ባዶ አደረግኩ። ጠዋት ስንከፍት ወለሉ በሬሳ ተሞልቷል። ፎቶ አነሣሁ፤ ለጓደኞቼ ላክሁ፤ ጀግና ተባልኩ። ከዚያ በባልዲ ውኃ ቀድቼ ሁሉንም ጠርጌ ወደ ሐይቁ ልደፋው ስል አጎቴ ክንዴን ያዙኝ። ጠንከር አድርገው።

«የት ልትደፋው ነው?»

«ሐይቁ ውስጥ ነዋ።»

«ከዚያስ ወዴት ይሄዳል?»

ቆም ብዬ አሰብኩ። ጥቁር ውኃ ወንዝ ወደ ሐዋሳ ሐይቅ ይገባል፤ ከሐይቁ የሚወጣ ወንዝ ግን የለም። ሰባተኛ ክፍል ተምሬዋለሁ፤ ለፈተና እንጂ ለባልዲ ብዬ አልተማርኩትም። የገባበት ነገር በዓይን የሚታይ መውጫ የለውም። አጎቴ ጣሳውን አንሥተው ጀርባውን አሳዩኝ። እዚያ ላይ የሞተ ዓሣና ቅጠሉ የረገፈ ዛፍ ሥዕል አለ። ለስንት ዓመት ቤቴ የነፋሁት ጣሳ ነው፤ ሥዕሉን አንድም ቀን አላየሁትም።

በኋላ አዲስ አበባ ተመልሼ ሳነብ ነገሩ ከገመትኩት የባሰ ሆኖ አገኘሁት። ብዙዎቹ ፍሊቶች ውስጥ ያለው ፓይሬትሮይድ የሚባለው መርዝ ዘር ነው፤ ፓይሬትረም ከሚባለው አበባ የሚገኘውን መርዝ አስመስለው በፋብሪካ የሠሩት። የሰው ሰውነት ቶሎ ሰባብሮ ያስወግደዋል። ዓሣ ግን እንደዚያ መሰባበር አይችልም፤ በጣም ትንሽ መጠን ይበቃዋል። ዓሣው የሚበላቸው ጥቃቅን የውኃ ነፍሳትም እንዲሁ። አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ ሄዳችሁ ታውቃላችሁ? ቆሮሶው ከመረብ ወጥቶ፣ እዚያው ተገፍፎ፣ በሚጥሚጣ ጥሬውን ይበላል። አባ ኮዳዎቹ ደግሞ ሽማግሌ መስለው ቆመው ትርፉን ይጠብቃሉ። እኔ ባልዲዬን ልደፋ የነበረው ከዚያ ማዕድ ላይ ነው።

እርግጥ የአንድ ጀልባ እጣቢ ሐይቅ አይገድልም። ይህንንም ለአጎቴ ነግሬያቸው ነበር።

«እዚህ ስንት ጀልባ ታስሯል?» ብለው ብቻ መለሱልኝ።

ጀልባዋን በሰው ኃይል ወደ የብስ ጎተትናት። ወለሉን በጨርቅ ወለወልነው፤ ጨርቁንና ሬሳውን በፌስታል ቋጠርነው። ፌስታሉን የት እንደጣልነው አትጠይቁኝ። ቢያንስ ሐይቅ ውስጥ አይደለም፤ ከዚያ በላይ ግን የምኮራበት አይደለም።

አምስት ሳምንት አለፈ። አዲስ አበባ ቢሮዬ ቁጭ ብዬ አጎቴ ደወሉ። «ልጄ፣ እንግዶቹ ልጆቻቸውን ይዘው መጡ።»

ለካ ነገሩ እንዲህ ነው። ሴቷ በረሮ እንቁላሎቿን በአንድ ጠንካራ ከረጢት ጠቅልላ ከኋላዋ ይዛ ትዞራለች። በአንዱ ከረጢት ውስጥ ሠላሳ፣ አርባ ይሆናሉ። ፍሊት ያን ከረጢት ዘልቆ አይገባም። እናትየው ብትሞትም ሊፈለፈል የደረሰ ከረጢት ይፈለፈላል። በሦስት ሰዓት ውስጥ ጀግና የሆንኩት ሰውዬ የገደልኩት አንዱን ትውልድ ብቻ ነበር ማለት ነው።

በነገራችን ላይ የእነዚህ ትናንሽ ቡናማ በረሮዎች ሳይንሳዊ ስማቸው «ጀርመናዊ» የሚል ነው። ሊኒየስ በ1767 እ.ኤ.አ. ነው ያወጣላቸው። ሩሲያውያን ደግሞ «ፕሩሲያዊው» ይሏቸዋል። በ2024 እ.ኤ.አ. የወጣ የዘረ መል ጥናት ግን ትውልዳቸው ከእስያ በረሮ፣ ከሕንድና ምያንማር አካባቢ፣ ከዛሬ 2,100 ዓመት ገደማ በፊት መሆኑን አሳይቷል። በረሮ የእኔ ነው የሚል አገር እስካሁን አልተገኘም። የአጎቴ እፍረት ዓለም አቀፍ ነው ለማለት ያህል ነው።

ሐምሌ ላይ፣ ዝናቡ ተሳፋሪ ሲያሳጣ፣ የዓመት ፈቃዴን ወስጄ ወረድኩ። አሁን ፍሊት የለም። ከፋርማሲ ቦሪክ አሲድ ገዛን። ይህ ነጭ ዱቄት ቀስ ብሎ ነው የሚገድለው፤ በረሮው ይረግጠዋል፣ እግሩን ሲልስ ይውጠዋል፣ ከቀናት በኋላ ጎሬው ውስጥ ይሞታል፤ ሌሎቹም ሬሳውን በልተው ይከተሉታል። (አዎ፣ ይበላሉ። ቁርስ ላይ ከሆናችሁ ይቅርታ።) ከዱቄት፣ ከስኳርና ከጥቂት ዘይት ጋር ለውሰን በቆርኪ በቆርኪ አደረግነው፤ የሕፃን እጅ በማይደርስበት፣ በቡሎን በሚታሠር ክዳን ሥር ብቻ አስቀመጥነው። እርጥበት ከነካው ጓጉሎ ከንቱ ስለሚሆን የባትሪው ሳጥንና የስፒከሩ ጀርባ ነው ቦታው። ወንበሮቹን ፈታን፣ በሳሙና አጠብን፣ ፀሐይ ብልጭ ባለ ቁጥር አሰጣናቸው። የጀልባዋን ሆድ በየማታው በስፖንጅ አደረቅን። ሐይቅ ላይ የምትንሳፈፍ ጀልባ ውስጥ ውኃ መከልከል… ይህን ስንሠራ አጎቴ እንኳ ስቀዋል።

ለቆጠራ ደግሞ ማርማላታ ማሰሮ ወስደን አፉን ከውስጥ ቫዝሊን ቀባነው፤ ውስጡ በቢራ የራሰ ዳቦ። ይገባሉ፣ አይወጡም። ጠዋት ጠዋት አጎቴ መነጽራቸውን አድርገው ይቆጥራሉ፤ ተሳፋሪ ይመዘግቡበት በነበረው ደብተር ላይ ይጽፋሉ። 74። 70። 58። 66። 71። ሁለት ሳምንት ሙሉ ቁጥሩ እየወረደ ይመለሳል። «ትኬት ብንቆርጥላቸው ሀብታም ነበርን» ይላሉ፤ ግን ፊታቸው እየጠቆረ ነው የሄደው።

ማታ ጀልባዎቹ ጎን ለጎን ይታሠራሉ፤ ጠርዝ ከጠርዝ ይነካካል። ይህን እያየሁ ነው የገባኝ። «ጋሼ፣ ለጎረቤት ካልነገርን አያልቅም።»

«አልነግርም።»

ሦስት ቀን አኮረፉኝ። በአራተኛው ቀን የአጎቴ ሚስት ቡና አፍልተው የጎረቤቱን ጀልባ ባለቤት፣ አንድ ወጣት ልጅ፣ ጠሩት። አቦል አለፈ፤ ቶና አለፈ። አጎቴ ስለ ዝናቡ አወሩ፤ ስለ ቤንዚን አወሩ። በረካ ላይ፣ ሲኒያቸውን እያዩ፣ «እኔ ጋ… በረሮ ገብቷል» አሉ። ቃሉን ሲጠሩት ያን ቀን ሰማሁ።

ልጁ ሲኒውን አስቀመጠ። «ጋሼ፣ እርስዎም ጋ? እኔ እኮ እርስዎ እንዳይሰሙ ብዬ በየሳምንቱ ሌሊት ሌሊት ፍሊት ስነፋ ነው የከረምኩት!»

ፍሊት ደግሞ ያልገደለውን ያባርራል። በፋሲካ እኔ ስነፋ የተረፉት ወደ እሱ ጀልባ ተሻግረዋል፤ እሱ ሲነፋ ወደ እኛ ተመልሰዋል። ሁለት ሰዎች ተደባብቀው እንግዳ ሲለዋወጡ ከርመዋል። አጎቴ መጀመሪያ ዝም አሉ፤ ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። የሚያለቅሱ መስሎኝ ደንግጬ ነበር። እየሳቁ ነው።

በሚቀጥለው ሰኞ የልጁም ጀልባ የብስ ወጣች። በሳምንቱ ሦስተኛ ባለጀልባ እየተቅለሰለሰ መጣ፤ ከዚያ አራተኛ። ካርቶን ከዚያ ወዲህ ወደ ጀልባ አይወጣም፤ ጠርሙሱ ዳር ላይ ይራገፋል። ነሐሴ መጨረሻ ደብተሩ ላይ 30 ተጻፈ፤ ከዚያ 12፤ ከዚያ 4። መስቀል ሰሞን አጎቴ ደውለው «ዜሮ» አሉኝና ዘጉት።

ጥምቀት ላይ ወርጄ ነበር። ጀልባዋ ሙሉ ናት፤ ስፒከሩ ይጮሃል። ማሰሮው ግን ቫዝሊኑን ተቀብቶ፣ ዳቦውን ይዞ አሁንም ከአጎቴ ወንበር ሥር አለ። አንድ ስድስት ዓመት የሚሆነው ልጅ አጎንብሶ አየውና «አባባ፣ ይሄ ምንድን ነው?» አላቸው።

አጎቴ እኔን አዩኝ፤ ተሳፋሪዎቹን አዩ።

«የጉማሬው ምሳ» አሉ።