ከማታንሳስ እስከ ኒውዮርክ፤ ከበሮ የሄደበት መንገድ

በፈቃዱ አገሩን ለቆ የሚሄድ ሰው ስንቁንና ዕቃውን ጭኖ ይሄዳል። በባርነት ተሽጦ የሚወሰድ ሰው ግን ከልቡና ከእጁ በቀር የሚይዘው ነገር የለውም። ስለዚህ እንዲህ ያለው ሰው ከአገሩ ምን ይዞ እንደ መጣ ለማወቅ የሚፈልግ መርማሪ ሣጥኑን ሳይሆን ዜማውን መመርመር ይገባዋል። እኛም የኩባን ደሴትና የአሜሪካን ከተሞች በጐበኘን ጊዜ ይህን ነገር በዓይናችን አይተን በጆሮአችን ሰምተን አረጋግጠናል። ዛሬ በዚህ በቤተሰብ ገጽ ለአንባቢዎቻችን ልንነግር የምንወደው ላቲን ጃዝ ስለሚባለው ሙዚቃና እርሱን ተቀባብለው ስላሳደጉት አራት ከተሞች ነው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚገኘው ዘመን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር የተጻፈ ነው።

ሀቫና አፉ የጠበበ ውስጡ የሰፋ ወደብ ያላት ከተማ ናት። የእስፓንያ መርከቦች ከአሜሪካ አገሮች የጫኑትን ወርቅና ብር ይዘው ወደ አውሮፓ ከመሻገራቸው በፊት የሚሰበሰቡት በዚህ ወደብ ነበር። መርከብም የሚሠራበትና የሚጠገንበት ስፍራ ስለ ነበረ የእንጨት ሠራተኞች ብዙዎች ነበሩ። ክላቬ የሚባሉት ሁለት አጫጭር በትሮች የመርከብ ሳንቃ ከሚያያዝባቸው ጠንካራ የእንጨት ችንካሮች እንደ ተገኙ የአገሩ ሰዎች ይናገራሉ። ክላቬ ማለት በእስፓንያ ቋንቋ ቍልፍ ማለት ነው። አንዱ በትር በመዳፍ ላይ ይጋደማል፥ ሁለተኛው ይመታዋል። ምቱም አምስት ነው፤ ሦስቱ በአንድ ወገን፥ ሁለቱ በሌላው ወገን ይሆናሉ፤ አንዳንድ ጊዜም ሁለቱ ይቀድማሉ። ዘፋኙም፥ ባለ ከበሮውም፥ ፒያኖ መቺውም ይህን አምስት ምት እየጠበቁ ይሄዳሉ። ምቱን የሚሳሳት ሰው ቢኖር ማኅበሩ ሁሉ ወዲያው ያውቅበታል። በቤተ ክርስቲያን አገልግሎት ያደገ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም፤ ጸናጽልና መቋሚያ የዜማውን አካሄድ እንዴት እንደሚጠብቁ ያውቃልና።

ከሀቫና ወደ ምሥራቅ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ሲኬድ ማታንሳስ ትገኛለች። በ19ኛው መቶ ዓመት ይህች ከተማ የስኳር ወደብ ነበረች። በዙሪያዋ የነበረውንም የሸንኮራ አገዳ እርሻ የሚሠሩት ከአፍሪካ ምዕራብ በባርነት የመጡ ሰዎች ነበሩ፤ ከዮሩባ፥ ከኮንጎና ከካላባር አገር የመጡት ብዙዎች ናቸው። የእስፓንያ ገዦች እነዚህን ሰዎች በየነገዳቸው ካቢልዶ የሚባል ማኅበር እንዲያቋቁሙ ፈቀዱላቸው። ካቢልዶ የእኛን ዕድርና ማኅበር ይመስላል፤ የታመመውን ይረዳሉ፥ የሞተውን ይቀብራሉ፥ ገንዘብ አዋጥተውም ከአባሎቻቸው አንዳንዱን ከባርነት ያስለቅቃሉ። ከዚህም ጋራ የአባቶቻቸውን ከበሮ ይመታሉ። ፈቃዱ የተሰጠው ለእነርሱ ታስቦ ብቻ አልነበረም፤ ነገድ ከነገድ ተለይቶ ሲቀር ለመግዛት ይመቻል ተብሎ ጭምር ነበር። ዳሩ ግን ገዦቹ ለመለየት ያደረጉት ነገር ለተገዦቹ ቅርሳቸውን ለማቆየት ረዳቸው።

ከእነዚህ ከበሮዎች ባታ የሚባሉት ሦስት ናቸው፤ እንደ እኛ የቤተ ክርስቲያን ከበሮ በሁለቱም ፊት የሚመቱ ናቸው። ትልቁ ኢያ ይባላል፤ ይህም በዮሩባ ቋንቋ እናት ማለት ነው። እናቲቱ ትጠራለች፥ ሁለቱ ታናናሾች ይመልሳሉ። ይህን ባደመጥን ጊዜ በባርነት ገበያ እናት ከልጅዋ ትለይ እንደ ነበር አሰብን፤ በቤት ውስጥ የተበተነው ቤተሰብ በከበሮው ላይ ሳይበተን መቈየቱ ልባችንን ነካው።

ከበሮ ባልተገኘበት ስፍራ ደግሞ የወደቡ ሠራተኞች የጨው ዓሣና የሻማ ሣጥን እየመቱ ሩምባ የሚባለውን ዘፈን አወጡ። ይህ ሩምባ በ2016 በተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፥ የሳይንስና የባህል ድርጅት በሰው ልጆች የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ገብቷል። በዚያችው በማታንሳስ ሚጌል ፋይልዴ የተባለ ሙዚቀኛ በ1879 ዳንሶን የሚባለውን ጭፈራ ለመኳንንቱ አሰማ። የዳንሶን ሥሩ የፈረንሳዮች ጭፈራ ነው፤ በሀይቲ አብዮት ጊዜ የተሰደዱ ሰዎች ወደ ኩባ ይዘውት መጡ፥ የአፍሪካ ልጆችም የእጃቸውን አመታት ጨመሩበት። ስለዚህ በአዳራሽ የሚጨፍሩት ጌቶችና እመቤቶች ሳያውቁት በተናቁት ሰዎች ከበሮ ይራመዱ ነበር።

ከኩባ በስተሰሜን ባለው በአሜሪካ ምድር ነገሩ ሌላ ነበር። በሳውዝ ካሮላይና በ1739 የባሮች ዐመፅ ከተነሣ በኋላ፥ በ1740 የወጣው ሕግ ከበሮን ከለከለ፤ ከበሮ ሰውን ይጠራል፥ መልእክት ያስተላልፋል ተብሎ ተፈርቷልና። በኒው ኦርሊንስ ግን ይህ አልሆነም። የከተማው ሹማምንት በ1817 ባወጡት ደንብ በባርነት የተያዙ ሰዎች እሑድ እሑድ በአንድ በተወሰነ ስፍራ ብቻ እንዲሰበሰቡ አዘዙ፤ ይህም ስፍራ የኮንጎ አደባባይ ተባለ። ዛሬ በስመ ጥሩው በሉዊ አርምስትሮንግ ስም በተሰየመው የአትክልት ስፍራ ውስጥ ይገኛል፤ ጥላው ሰፊ የሆነ ዛፍና ድንጋይ የተነጠፈበት ሜዳ ነው። እኛ ደንብና ትእዛዝ ስንጽፍ የኖርን ሰዎች በዚያ ቆመን አንድ ነገር ታዘብን። ለመከልከል የተጻፈ ቃል አንዳንድ ጊዜ የተከለከለውን ነገር ያስጠብቃል፤ ደንቡ ስፍራ ባይወስንላቸው ኖሮ የት ይመቱ እንደ ነበር ዛሬ ማንም ባላወቀ ነበር።

ሀቫናና ኒው ኦርሊንስ በባሕር 1,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይራራቃሉ፤ ለመርከብ ይህ ጐረቤትነት ነው። ከሀይቲ ተሰደው በኩባ ተቀምጠው ከነበሩት ሰዎች ከ9,000 የሚበልጡ፥ ጌቶችም ባሮችም ነጻ ጥቍሮችም፥ በ1809ና በተከታዩ ዓመት ወደ ኒው ኦርሊንስ ገቡ። ከዚያ ወዲህ ዜማ ከወደብ ወደ ወደብ መመላለሱን አላቋረጠም። የብሉዝ አባት የተባለው ደብልዩ ሲ ሃንዲ በ1900 ኩባን ጐበኘ፤ በ1914 ባሳተመው በሴንት ሉዊስ ብሉዝ ውስጥም የሀቫና ጭፈራ አረማመድ ይሰማል። ጄሊ ሮል ሞርተን የተባለው የኒው ኦርሊንስ ፒያኖ መቺም በ1938 ታሪኩን ለመንግሥት ቤተ መጻሕፍት በድምፅ ሲያስቀዳ፥ የእስፓንያ ቅመም ያልገባበት ጃዝ እንደሚገባ አይጣፍጥም ብሎ መስክሯል።

እንግዲህ የተለያዩት ወንድማማቾች ፊት ለፊት የተገናኙት በኒውዮርክ ነው። ማሪዮ ባውሳ በ1911 በሀቫና ተወለደ፤ ገና በልጅነቱ በከተማው ታላቅ ኦርኬስትራ ክላርኔት የሚነፋ ነበረ። በ1926 ከአንድ የዳንሶን ኦርኬስትራ ጋር ሸክላ ለማስቀዳት ወደ ኒውዮርክ ሄዶ በሃርለም ሰፈር ጃዝ ሰማ፤ በ1930ም ተመልሶ በዚያ ተቀመጠ። ጥሩምባ መንፋት ተምሮ በታወቁት የጥቍሮች ኦርኬስትራዎች ውስጥ ካገለገለ በኋላ፥ በ1940 ከሚስቱ ወንድም ከማቺቶ ጋር ሆኖ አፍሮ ኩባውያን የሚል ስም ያለው ኦርኬስትራ አቆመ። በዚያ ዘመን ብዙ ሰው የአፍሪካን ስም ሲሸሽ እነዚህ ሰዎች በአደባባይ በስማቸው ላይ አስቀደሙት። በ1943ም ታንጋ የሚባለውን ዜማ አሰሙ፤ የኩባ ምትና የጃዝ ስምምነት በአንድነት ከተሠራባቸው ሥራዎች የመጀመሪያው እርሱ ነው እየተባለ ይነገራል።

ማዋሐዱ ግን ቀላል አልነበረም። የጃዝ ተጫዋች አንዱን ድምፅ አርዝሞ ተከታዩን አሳጥሮ በማነከስ ይሄዳል፤ የኩባ ከበሮ ግን እኩል እኩል ይራመዳል። ሁለቱ ባንድነት ሲሄዱ እንደማይጣጣሙ በሬዎች አንዱ ሌላውን ይጐትተዋል። ይህን ቀንበር ለማስማማት ከደከሙት አንዱ ጥሩምባ ነፊው ዲዚ ጊለስፒ ነው። ባውሳም ቻኖ ፖሶ የተባለውን የሀቫና ከበሮ መቺ አገናኘው። ቻኖ በ1915 ከድኃ ቤተሰብ የተወለደ፥ የሙዚቃ ጽሕፈት የማያነብ፥ እንግሊዝኛም እምብዛም የማያውቅ ሰው ነበረ። ሁለቱ በሴፕቴምበር 1947 ካርኔጊ ሆል በሚባለው በታላቁ አዳራሽ አብረው ተጫወቱ። ከዚያም ቻኖ የእያንዳንዱን መሣሪያ ድምፅ በአፉ እያዜመ ነገራቸው፤ ጊል ፉለር ጻፈው፤ ጊለስፒም በመካከሉ የሚገባውን ክፍል በጃዝ ሥርዓት ጨመረበት። ማንቴካ የተባለው ዜማ እንዲህ ሆኖ በዲሴምበር 1947 በሸክላ ተቀረጸ። ማንም የራሱን ትቶ የሌላውን አልያዘም፤ እያንዳንዱ የያዘውን አመጣ፥ ለሌላውም ስፍራ ለቀቀ።

ቻኖ ግን የሥራውን ፍሬ ብዙ ሳያይ በዲሴምበር 1948 በሃርለም በጥይት ተገደለ፤ ዕድሜው 33 ዓመት ነበር። በሁለት ዓመት ውስጥ በእጁ የሠራው ሥራ ግን አልሞተም። በብሮድዌይና በ53ኛው መንገድ ማዕዘን የነበረው ፓላዲየም የተባለው የጭፈራ አዳራሽ እስከ ተዘጋበት እስከ 1966 ድረስ፥ በብዙ ስፍራ ነጭና ጥቍር አብሮ በማይቀመጥበት ዘመን፥ ሁሉም ዘር በማቺቶና በቲቶ ፑዌንቴ ሙዚቃ ባንድ ወለል ላይ ይጨፍር ነበር። ኋላም የኩባና የአሜሪካ መንግሥታት ተጣልተው መንገዱ ሲዘጋ ሙዚቀኞቹ ተለያዩ። ነገር ግን በሜይ 1977 ከኒው ኦርሊንስ የተነሣች መርከብ ዲዚ ጊለስፒን ይዛ ሀቫና ደረሰች፤ አሮጌው የዜማ መንገድ እንደ ገና ተከፈተ።

ይህ መንገድ ወደ አገራችንም ይደርሳል። በ1943 በጅማ የተወለዱት አቶ ሙላቱ አስታጥቄ ምህንድስና እንዲማሩ ወደ ዌልስ ተልከው ሳለ፥ ተሰጥዎአቸው ሙዚቃ እንደ ሆነ ስለ ታወቀ ወደ ሙዚቃ ትምህርት ተመለሱ። በለንደንና በቦስተን ከተማሩ በኋላ በ1966 በኒውዮርክ፥ የኢትዮጵያ ስም ባለው ማኅበራቸው፥ አፍሮ ላቲን ሶል የተባሉትን ሁለት ሸክላዎች አስቀዱ። የእኛን ቅኝት ከዚያ ከኩባ ምት ጋር ያገናኙት በዚህ ጊዜ ነው፤ የኢትዮጵያ ጃዝ የሚባለውም ከዚህ ጎዳና ወጣ።

በአገራችን የመኳንንትና የሹማምንት ቤት ዘፈንን ለመስማት ይወድ ነበር፤ ልጁ ዘፋኝ እንዲሆን ግን አይወድም ነበር። አዝማሪ በግብር ላይ ይሸለማል፥ በጋብቻ ጊዜ ግን ይናቃል። የሀቫና ሹማምንትም ከበሮ የያዙትን ሰዎች ሰልፍ ብዙ ጊዜ ከልክለዋል፤ ዛሬ ግን የደሴቲቱን ስም በዓለም የሚያስጠራላት ያ የተናቀው ከበሮ ነው። ልጅን ማስተማር ማለት ከአባት ፈቃድ ጋር የልጁንም ተሰጥዎ መመርመር ነው እንላለን።

በመጨረሻም ለቤተሰብ የሚሆን አንድ ጨዋታ እንጨምራለን። ማታ ከእራት በኋላ ልጆች በአንድነት ከአንድ እስከ 16 በእኩል ፍጥነት ይቍጠሩ፤ በ1፥ በ4፥ በ7፥ በ11ና በ13 ላይ ያጨብጭቡ፤ ሳያቋርጡም ደጋግመው ይመላለሱበት። ይህ ክላቬ ነው። እጃቸው ከለመደ በኋላ ታንጋን፥ ማንቴካንና አፍሮ ላቲን ሶልን በተራ አሰሟቸው፤ ያጨበጨቡት ምት በየትኛው እንደሚሰማና በየትኛው እንደሚሰወር ራሳቸው ይንገሯችሁ።