የመመለሻ ትኬት

ባቡር ባለበት አገር፣ በጠዋት ወጥቶ ማታ ለሚመለስ መንገደኛ የደርሶ መልስ ትኬት ይቆረጥለታል፤ ቀኑን ሙሉ እንዳሻው የሚሳፈርበት የዕለት ይለፍም አለ። ዲላ ይህ ዕድል ያመለጣት ከተማ ናት። በ1950ዎቹ ዓ.ም. ከናዝሬት ተገንጥሎ እስከ ዲላ የሚዘልቅ ሐዲድ ታስቦ ነበር፤ ሐሳቡ ግን ሐሳብ ሆኖ ቀረ፤ የይርጋ ጨፌም ቡና እስከ ዛሬ በጭነት መኪና ይጓዛል።

እንግዲህ የዲላ መንገደኛ የሚመርጠው ከመናኸሪያው ነው። በዚያ የሚቆረጠው መሄጃ ብቻ ነው፤ ስለ መመለሻው እያንዳንዱ ከራሱ ጋር ይመክራል። በተራ የሚጭነው ሚኒባስ ርካሽ ነው፤ ይሁን እንጂ ሳይሞላ አይነሣም፤ ከመንገድ አጋማሽ የሚወርደውም ብዙ ጊዜ ሙሉውን ሒሳብ ይጠየቃል። ኮንትራት የያዘ ግን ቀኑን ይገዛል፤ ሾፌሩ ከዛፍ ጥላ ሥር አረፍ ብሎ ይጠብቀዋል።

አንድ ጡረተኛ መምህር በዚህ ምርጫ ፊት ቆመው ነበር። ልጃቸው በማግስቱ ለትምህርት ወደ አዲስ አበባ ልትሄድ ነው። ከሕፃንነቷ ጀምሮ «የቱቱ ፈላን ትክል ድንጋዮች አሳይሻለሁ» ሲሏት ኖረዋል። የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በ2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቦ የሩቅ እንግዳ ሲመጣ እንኳ፣ የቅርቦቹ አባትና ልጅ ገና አልሄዱም ነበር። የቀራቸው አንድ ቀን ነው። የኮንትራቱን ዋጋ ሰሙ፤ ከብርድ ልብሷና ከደብተሮቿ ዋጋ ጋር በልባቸው አስተያዩት፤ በተራው ለመሄድ ቆረጡ። ማን ይፈርድባቸዋል?

ሚኒባሱ እስኪሞላ 4 ሰዓት ሆነ። ከወናጎ አልፈው ወረዱና በእንሰትና በቡና መካከል ዳገቱን ወጡ። ልጅቱ ፊትና ክንድ ከተቀረጸባቸው ድንጋዮች አጠገብ ተንበረከከች።

«አባዬ፣ እነዚህ በመቃብር ላይ የቆሙ ናቸው?»

«አዎን» አሉና ሰዓታቸውን አዩ። ሌላም ጠየቀች፤ አሁንም ሰዓታቸውን አዩ። ሦስተኛውን ጥያቄ ከነጭራሹ አልሰሙትም።

9 ሰዓት ተኩል ላይ ከአስፋልቱ ዳር ቆመው መጠበቅ ጀመሩ። ከይርጋ ጨፌ የሚመጣው ሁሉ ሞልቶ ያልፋል፤ ከመንገድ ዳር የቆመ ሰው ተራ የለውምና። ሊጨልም ሲል አንዱ ቆመ። ረዳቱ አንገቱን አውጥቶ፣

«አባት፣ ያለኝ የአንድ ሰው ቦታ ብቻ ነው!» አለ።

«ግቢ» አሏት።

«አብረን እንቆይ እንጂ።»

«ሻንጣሽ ገና አልታሰረም። ግቢ አልኩሽ።»

በሩ ተዘጋ። በኋላው መስተዋት የዞረው ፊቷ እስኪሰወር ድረስ ቆመው አዩ።

መምህሩ በአንድ አይሱዙ፣ ከጆንያ ላይ ተቀምጠው፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት ዲላ ገቡ። ልጅቱ ከደጅ ቆማ ትጠብቃቸው ነበር።

«ብዙ ቆሙ?»

«ኧረ ወዲያው ነው ያገኘሁት» አሉ። ጫማቸውን ሳያወልቁ ከተጠቀለለው ብርድ ልብሷ አጠገብ ተቀመጡ። አውቶቡሱ የሚነሣው ሊነጋጋ ሲል ነው።

«ከድንጋዮቹ ዘንድ ሳለን፣ ምን ነበር የጠየቅሽኝ?»