ናይስ እና የዋህ

የቃላት ዕድል እንደ ሰው ዕድል ነው፤ ከትቢያ ተነሥቶ ለክብር የሚበቃ አለ፤ ከክብሩም ወርዶ መሣቂያ የሚሆን አለ። በቂሊንጦ፣ በሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ አጠገብ ከሚገኙት ሻይ ቤቶች በአንዱ የተቀመጠ ሰው፣ ተማሪዎቹ ሻዩንም ጫማውንም መምህሩንም «ናይስ» እያሉ ሲያመሰግኑ ይሰማል። ይህ የእንግሊዞች ቅጽል ዛሬ መልካም፣ ደስ የሚያሰኝ፣ ደግ ማለት ነው። ምንጩ ግን ከዚህ እጅግ የራቀ ነው። «ኔስኪዩስ» ከሚለው የላቲን ቃል ተወልዶ በፈረንሳይኛ በኩል ወደ እንግሊዝ አገር ሲገባ፣ መሠረቱ «የማያውቅ» ማለት ስለ ነበረ፣ በጥንት ዘመን አንዱን ሰው ናይስ ብሎ መጥራት ቂል ብሎ መስደብ ነበር። እየቆየም ቅምጥል፣ ቀጥሎም ጥንቁቅና ረቂቅ ማለት ሆነ፤ በ18ኛው ምዕተ ዓመት ለምስጋና በቃ። ጄን ኦስተን የተባለችው ደራሲ፣ እ.ኤ.አ. በ1817 መጨረሻ በታተመው «ኖርዛንገር አቤይ» በተባለው ልብ ወለድዋ፣ ሰዎች ይህን አንድ ቃል ለሁሉ ነገር ማዋላቸውን ቀልዳበታለች። የሚያስደንቀውም «ሳይንስ» የሚለው ቃል ማወቅ ከሚለው ከዚያው የላቲን ግንድ መብቀሉ ነው። እነሆ አንደኛው ወንድም በዩኒቨርሲቲው ስም ላይ ተጽፎ ሳለ፣ ሁለተኛው ከበሩ ውጭ ሻይ ይጠጣል።

የእኛ «የዋህ» ደግሞ መንገዱን ገልብጦ ይዞታል። በግዕዝ የውሃት ገርነት፣ ትሕትና፣ ተንኰል የሌለበት ልብ ነው፤ በተራራው ስብከት ብፁዓን ከተባሉት መካከልም የዋሃን ይገኛሉ። በከተማ ግን «እሱማ የዋህ ነው» ሲባል ከንፈር ይመጠጣል፤ ለመታለል የተዘጋጀ ማለት ነውና።

በምንኖርበት የጋራ መኖሪያ ሕንፃ፣ ከገጠር የመጣ ወጣት ዘበኛ ገንዘብ ያለበት ቦርሳ አግኝቶ ባለቤቱን ሲፈልግ ዋለ። አንድ ተማሪ «ናይስ ልጅ!» አለው። አንድ ጎረቤታችን ግን ሣቅ ብሎ «የዋህ ነህ» ቢለው፣ ልጁ ባርኔጣውን አውልቆ «እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ» ሲል እጅ ነሣ።

ከጥቂት ወራት በኋላ ይኸው ወጣት የተሻለ ደመወዝ ያለበት የመጋዘን ጥበቃ ሥራ አግኝቶ፣ ስለ ጠባዩ የምስክር ወረቀት እንድጽፍለት ለመነኝ። «የዋህ መሆኔን ይጻፉልኝ» አለኝ። የመጋዘኑ ጌታ ይህን ቃል ሲያነብ፣ ሌባ በቀላሉ የሚያታልለው ዘበኛ ነው ብሎ እንደሚመልሰው ስላወቅሁ፣ «ታማኝና ትጉህ» ብዬ ጻፍሁለት። ወረቀቱን ተቀብሎ በጣቱ እየተከተለ አነበበ፤ ቃሉን ፈልጎ አጣው። ከዚያም አመስግኖ፣ አጣጥፎ ኪሱ ከተተው።