የኪራይ ውል ያልተፈቀደላቸው ሕግ አውጪ

እስቲ ዛሬ ስለ አንዲት የኩቤክ ሴት እንጫወት። ኩቤክ ፈረንሳይኛ ተናጋሪው የካናዳ ክፍለ ሀገር ነው። ሴቶቹ በክፍለ ሀገሩ ምርጫ ድምፅ መስጠት የተፈቀደላቸው እ.ኤ.አ. በ1940 ነው፤ ከካናዳ ክፍለ ሀገሮች ሁሉ መጨረሻ። አንዲት ሴት ምክር ቤት እስክትገባ ደግሞ ሌላ 21 ዓመት አለፈ።

የገቡት ማሪ ክሌር ኪርክላንድ ናቸው። ጠበቃ፣ ባለትዳርና የልጆች እናት ነበሩ። በ1961 የምክር ቤት አባል የነበሩት አባታቸው ሲሞቱ፣ በወንበራቸው ለመተካት ተወዳድረው አሸነፉ። ያኔ የብዙዎች ወሬ ምን ነበር መሰላችሁ? ምክር ቤት ሲገቡ ባርኔጣ ያድርጉ ወይስ አያድርጉ የሚል!

ቁም ነገሩ ግን የመጣው ቤት ሲከራዩ ነው። ምክር ቤቱ የሚሰበሰበው በኩቤክ ከተማ ስለሆነ እዚያ ማረፊያ ያስፈልጋቸው ነበር። አከራዩ ግን የባለቤታቸውን ፊርማ ጠየቀ። ሕዝብ ሕግ እንዲያወጡለት የመረጣቸው ሴት የኪራይ ውል ለብቻቸው መፈረም አልቻሉም። በዘመኑ የፍትሐ ብሔር ሕግ ያገባች ሴት ያለ ባሏ ፈቃድ ልትሠራ የምትችለው ጥቂት ነገር ብቻ ነበርና።

ኪርክላንድ ቂም ይዘው አልተቀመጡም፤ ሕግ አረቀቁ። በ1964 ያቀረቡት ረቂቅ ጸድቆ፣ ያገባች ሴት በራሷ ስም መዋዋልና ያለ ባሏ ፈቃድ መሥራት ቻለች። በ1973 ደግሞ የሴቶችን ጉዳይ የሚከታተለው ምክር ቤት የተቋቋመበትን ሕግ አስወጡ። በዚያው ዓመት ፖለቲካውን ትተው ዳኛ ሆኑ። እስኪለቁ ድረስ፣ ለ12 ዓመት ያህል፣ በክፍለ ሀገሩ ሕግ አውጪ ምክር ቤት ብቸኛዋ ሴት እሳቸው ነበሩ።

ልብ በሉ፤ ይህ ሁሉ የሆነው በክፍለ ሀገር ምክር ቤት እንጂ በኦታዋው የካናዳ ፌዴራል ፓርላማ አይደለም። በካናዳ ውልና ንብረትን የሚመለከተው ሕግ በአብዛኛው የክፍለ ሀገር ሥልጣን ነው።

የእኛም የኢትዮጵያውያን ጉዳይ ከዚህ ሩቅ አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ባልን የቤተሰቡ አስተዳዳሪ፣ ሚስትን ታዛዥ አድርጎ ነበር። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ ይህን ሻረ። ክልሎች ግን የቤተሰብ ሕጋቸውን የሚያወጡት በየራሳቸው ምክር ቤት ነው።

ስለዚህ ወዳጆቼ፣ የክልል ምክር ቤት ምርጫን እንደ ትንሽ ነገር አንየው። ቤት ውስጥ ማን ይፈርማል፣ ማን ያዛል የሚለው የሚወሰነው እዚያ ነው። በሕጉ የሚጎዱት ሴቶች እዚያ ወንበር ከሌላቸው ጉዳቱን ደፍሮ የሚያነሳው ሰው ጥቂት ነው። ስንመርጥ ይህን እናስብ።